የተጋጠ የወል መስክ እንዲያገግም፦ ለአዲስ አበባ ዙሪያ ከብት አርቢዎች ዝርዝር መመሪያ

በመስከረም አጋማሽ ከእንጦጦ ወዲያ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ስትወርዱ አንድ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር አጠገብ ቆማችሁ ሁለቱን ወገን አስተያዩ። ከአጥሩ ውስጥ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፤ ጋጃ የሚባለው ሣር ሊያሸት ተቃርቧል፣ ከሥሩ ማገጥ የሚባለው ባለ ሦስት ቅጠል መኖ አበባውን ዘርግቷል። ከአጥሩ ውጭ ያለው የወል ግጦሽ ግን ያው ዝናብ ዘንቦበት፣ ያው አፈር ሆኖ ከጣት አይበልጥም፤ በየመካከሉም መሬቱ ፈጦ ይታያል። ልዩነቱን ያመጣው ዘር አይደለም፣ ማዳበሪያም አይደለም። የቅጽሩን ሣር ከሰኔ እስከ መስከረም የነካው የለም፤ በቃ።

ይህን የምጽፈው በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ፣ በሆለታ፣ በሰበታና በአካባቢው ከብት ይዘው አንድ መስክ ለሚጋሩ ሰዎች ነው። እኔም ከብት ጠብቄ ያደግሁት በዚሁ ሜዳ ነው። ከጎረቤቶቼ ጋር መስካችንን ለማዳን የተነሣን ጊዜ መጀመሪያ ያደረግነው ገንዘብ አዋጥተን ሽቦና የሣር ዘር መግዛት ነበር። ሽቦው ነሐሴ ሳይገባ ተቆረጠ፣ ዘሩን ጎርፍ ወሰደው። በሁለተኛው ዓመት ምንም ሳንገዛ፣ ተነጋግረን ቀን ቆርጠን ዘጋን፤ ሣሩ መጣ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አደራ እላለሁ፦ መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ቀን፣ ዘርና አጥር ካስፈለገ ከዚያ በኋላ።

1. ከእረኞቹ ጋር መስኩን ዙሩ

ዙረቱን በግንቦት አድርጉት፤ የመስኩ ገመና የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌዎችን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። የትኛው ጥግ ቶሎ እንደሚደርቅ፣ ውሃ የት እንደሚተኛ፣ ላሞቹ ጠዋት ወዴት እንደሚሮጡ የሚያውቀው ቀኑን ሙሉ ከከብቱ ኋላ የሚውለው ልጅ ነው። እሱ ያልገባበት ሕግ ደግሞ አይጸናም፤ ከብቱን የሚመልሰውም የሚያስገባውም እሱ ነውና።

አንድ ደብተር ያዙ። አንድ ሰው ቀጥ ብሎ 100 እርምጃ ይራመድ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የጫማው ጫፍ ያረፈበትን ጮክ ብሎ ይናገር፣ ሌላው ይጻፍ። አራት ዓይነት ብቻ ይበቃል፦ ከብት የሚወደው ሣር (ጋጃ፣ ሰርዶ፣ ማገጥ)፣ ከብት የሚሸሸው (አክርማ፣ እንግጫ፣ እሾህ)፣ ባዶ አፈር፣ ድንጋይ። ይህንን በመስኩ ሦስት ቦታ ድገሙት። የተነሣችሁበትን ቦታ በድንጋይ ክምር ምልክት አድርጉበት፤ ከዚያው ቆማችሁም በስልክ ፎቶ አንሡ። በየዓመቱ እዚያው ትመለሳላችሁ።

ቁጥሩ ብዙ ይናገራል። ሰርዶ ብቻ መሬት ላይ ተለጥፎ ከቀረ መስኩ ክፉኛ ተግጧል ማለት ነው፤ ሆኖም ሰርዶ አፈሩን ይዞ ስለሚያቆይ አትናቁት። አክርማ እየበዛ ከሄደ ከብቱ ለስላሳውን እየመረጠ፣ ጠንካራውን እየተወ ነው። ለስፌት የሚፈልጉት እናቶች አክርማውን እየነቀሉ ቢወስዱ ለመስኩም ለእነሱም ጥቅም ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው የባዶ አፈሩ ቁጥር ነው። በእኔ ግምት ከመቶው ግማሽ ያህሉ አሁንም ሣር ከሆነ ዘር መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ ዕረፍት ይበቃዋል።

አንድ ነገር ደግሞ በዓይናችሁ እዩ። በዶማ አንድ ጭብጥ ሣር ከነአፈሩ ከተጋጠው መስክ፣ አንድ ደግሞ ካልተነካ ቦታ አውጡና አፈሩን አራግፉ። የተጋጠው ሥር አጭርና ስስ ነው፤ የሌላው ረጅም፣ እንደ ጢም የተንዠረገገ። ሣር ሥሩን የሚቀልበው በቅጠሉ ነው። ቅጠሉ በወጣ ቁጥር ከተበላ ሥሩ ያጥራል፤ ያጠረ ሥር በኅዳር ከመሬቱ ወለል በታች የቀረውን እርጥበት አይደርስበትም፤ በሚቀጥለው ክረምትም ዘግይቶ ያቆጠቁጣል። ይህን ለስብሰባው ሰው ያሳያችሁ እንደሆነ ከአንድ ሰዓት ንግግር ይበልጣል። እኛ ሁለቱን ጭብጥ ሣር ጆንያ ላይ አስቀምጠን ነው ያወራነው።

2. ተስማሙ፣ ስምምነቱንም ጻፉ

ከሥራው ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው፤ ሁለት ወር ቢፈጅ አይግረማችሁ።

ማን ይጠራ? ከብት ያለው ሁሉ ይጠራል፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ኩበት የምትለቅም፣ ሣር አጭዳ ወደ ከተማ የምትሸጥ፣ በመስኩ አልፎ ከብቱን ወደ ወንዝ የሚያወርድ፣ በቅርቡ መጥቶ በግቢው ሁለት የወተት ላም ያሰረ፣ ሁሉም ይምጣ። የእኛን ሽቦ የቆረጠው ሌባ አልነበረም። ከብት የሌላት፣ ከዚያ መስክ በየጠዋቱ አንድ ሸክም ሣር እያጨደች ልጆቿን የምታሳድግ ጎረቤታችን መግቢያ አጥታ ነው። ስብሰባው ላይ አልጠራናትም ነበር። በሁለተኛው ዓመት ከድርቆሹ ድርሻዋ በስሟ ተጻፈ፤ ከዚያ ወዲያ መስኩን ከጠባቂው በላይ የጠበቀችው እሷ ናት።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በመንዝ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የጓሳ ምድር ሕዝቡ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠብቀው ኖሯል፤ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ የሚወስኑት ሰዎቹ የመረጡት መሪና ሽማግሌዎቹ ነበሩ፤ አንዳንዴም ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ምድሩም ተጎዳ። በኋላ ማኅበረሰቡ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ተደራጅቶ እንደገና መጠበቅ ጀምሯል። እኔ ከመንዝ የወሰድኩት ትምህርት አንድ ነው፦ እዚያ የዘጋው ሽቦ ሳይሆን ቃል ነው።

አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋም ይልቅ ዕድራችሁን ተጠቀሙ። ዕድር መዝገብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ መቀጮ መሰብሰብ ያውቃል፣ ሰውም ያከብረዋል። ደንቡ ውስጥ እነዚህ ሳይጻፉ አትነሡ፦ የሚዘጋበት ቀን፣ የሚከፈትበት ቀን፣ እያንዳንዱ ቤት ሊያስገባ የሚችለው የከብት ብዛት፣ የጠባቂው ደመወዝ ከየት እንደሚወጣ፣ የገባ ከብት ምን እንደሚደረግ። መቀጮው ትንሽ ይሁን፤ ግን የገባው ከብት የዕድሩ ዳኛ ንብረት ቢሆንም እንኳ ሳይከፈል አይለፍ። ትልቅ መቀጮ ጽፋችሁ ለአንድ ሰው ከማራችሁ ደንቡ ያን ዕለት አለቀ።

ደንቡን ፈርማችሁ ወደ ቀበሌ ውሰዱት፤ የመስኩ ወሰን እንዲለካና የወል ይዞታ ሆኖ እንዲመዘገብም ጠይቁ። የወል ይዞታ በሕግ የታወቀ ነው፤ በፌዴራሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ውስጥም በግልጽ ሰፍሯል። ከተማው በየዓመቱ ወደ እኛ በሚገፋበት በዚህ ዙሪያ ወረቀት የሌለው መስክ ባዶ መሬት መስሎ ይታያል። ሣሩን አሳምራችሁ ወሰኑን ካላስመዘገባችሁ ልፋታችሁ ያሳዝነኛል።

3. ሣሩንና አፉን አመዛዝኑ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እናንተ አትዝለሉት። ከቀጭን እንጨት ወርዱም ቁመቱም 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ሥሩ። በመስከረም መጨረሻ ካልተጋጠው ክፍል ውስጥ አሥር ቦታ ላይ ጣሉት፤ ጥሩውን ቦታ አትምረጡ፣ ወደ ኋላ ወርውሩት። በውስጡ ያለውን ሣር ከሥሩ እጨዱና ፀሐይ ላይ እስኪንኮሻኮሽ አድርቁት። የአሥሩን በሱቅ ሚዛን መዝኑና ለአሥር አካፍሉ። የአንዱን ካሬ ግራም በ40 ስታባዙት በአንድ ሄክታር ያለውን ደረቅ ሣር በኪሎ ያወጣላችኋል።

ለምሳሌ አማካዩ 75 ግራም ቢሆን በሄክታር 3,000 ኪሎ ነው። ከዚህ ግማሹ የመሬቱ ነው፤ ሥር ይቀልባል፣ አፈር ይሸፍናል፣ ጎርፍ ያዘገያል። ለከብት 1,500 ቀረ። መስኩ 10 ሄክታር ከሆነ 15,000 ኪሎ ማለት ነው። 250 ኪሎ የምትመዝን የአገር ላም በቀን ከክብደቷ ከመቶ 2.5 ያህል፣ ማለትም 6 ኪሎ ከሩብ ደረቅ መኖ ትበላለች። ስለዚህ መስኩ ለ40 ላም 60 ቀን ይበቃል። ዲቃላ የወተት ላም እንደ ክብደቷ የሁለት ያህል ትቆጠር፤ አሥር በግ እንደ አንድ ላም፣ ሁለት አህያ እንደ አንድ ላም ይታሰብ።

60 ቀን ሲባል ስብሰባው ዝም ይላል። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ያለውን ወር ሁሉም በልቡ ይቆጥራልና። እዚህ ላይ መካሰስ ይጀመራል፤ ታገሡ። መልሱ የአንድን ሰው ከብት ማስወጣት አይደለም። ጭድ፣ ድርቆሽ፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ ከጠላ ቤት የሚወጣ አተላ ከመስኩ ጋር ተደምረው ዓመቱን ይሸፍኑ እንደሆነ አብራችሁ አስሉ። ካልሸፈኑ ያረጀችዋን፣ የመከነችዋን፣ ለእርሻ የማይፈለገውን ወይፈን ለፋሲካ ገበያ አውጡ። ለበዓል የወጣ ከብት ዋጋ ያወጣል፤ ግንቦት ላይ አጥንቱ ፈጦ የተሸጠ ግን የቆዳውን ያህል አያመጣም።

4. መስኩን ከፍላችሁ ዝጉ

አራት ቦታ ክፈሉት። አጥር አያስፈልግም፤ ጅረት፣ የእግር መንገድ፣ የድንጋይ ካብ፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ወሰን ይሆናል፤ ሁሉም ሰው በቃሉ እስካወቀው ድረስ። ከወሰኑ ላይ ባሕር ዛፍ አትትከሉ። ሥሩ ውሃውን ይሻማል፣ ቅጠሉ የወደቀበት ቦታ ሣሩ ይሳሳል። አጥር ከተፈለገ ትሪ ሉሰርን የሚባለው ቁጥቋጦ ይሻላል፤ ደጋ ይስማማዋል፣ ቅጠሉም መኖ ነው።

የአዲስ አበባ ዙሪያ ትልቁ ችግር ክረምቱ ነው። ሰኔ ላይ እርሻው ሁሉ ይዘራል፤ ከብቱ መሄጃ የለውም፣ ያለው መስኩ ብቻ ነው። ሣሩ የሚያድግበት ጊዜም ያው ክረምት ነው። በዚያ ላይ ሜዳው ዋልካ ስለሆነ ውሃ ይይዛል፤ ከብት በሐምሌ ሲመላለስበት ሰኮናው ሣሩን ከነሥሩ ጭቃ ውስጥ ይቀብረዋል። አፉ ካጠፋው ይልቅ እግሩ ያጠፋው ይበልጣል።

ስለዚህ ክረምቱን እንዲህ ያዙት። ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ሦስቱ ክፍሎች ይዘጋሉ። አንዱ፣ ውሃ የማይተኛበት ከፍ ያለው ወገን፣ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ እሱም ቢሆን ለሚታለቡ ላሞችና ለጥጆቻቸው ቅድሚያ ይስጥ። የቦረና አርብቶ አደሮች መንጋቸውን ሁለት ይከፍሉታል፤ የሚታለቡት ከጥጆቻቸው ጋር ከመንደር አጠገብ ይቀራሉ፣ ደረቆቹና ብርቱዎቹ ፎራ ተብለው ራቅ ወዳለ ግጦሽ ይወርዳሉ። ለጥጃ ብቻ የሚታጠር ካሎ የሚባል መስክም አላቸው። እኛ ፎራ የምንልክበት ሜዳ የለንም፤ ግን ሁሉንም ከብት በአንድ ዓይን ባለማየት መኮረጅ እንችላለን። በሬዎቹ ከእርሻ መልስ ቤት ታስረው ጭድና የታጨደ ሣር ይብሉ።

ከተዘጉት ሦስቱ ሁለቱ በጥቅምት ለድርቆሽ ይታጨዳሉ። ሦስተኛው ዘሩን አራግፎ እስኪጨርስ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ ማጭድም ከብትም አይነካውም። ይህ ዕድል በየዓመቱ ከክፍል ወደ ክፍል ይዙር። ከፍ ያለው ክፍልም በክረምት ሲጋጥ እንዳይኖር ተራ ሲደርሰው ይረፍ፤ በዚያ ዓመት ከቀሩት መካከል ውሃ የማይበዛበትን ትከፍታላችሁ፣ ለዚያም ዓመት ድርቆሽ አስቀድማችሁ ታስቀምጣላችሁ። ከባዱ ዓመት እሱ ነው፤ ለዚህ ነው በሌሎቹ ዓመታት ድርቆሹን ሁሉ አትሽጡ የምለው።

5. ሲገባ እንዴት ይጋጥ

መለኪያው እጃችሁ ነው። ሣሩ አንድ ስንዝር ሳይሞላ ከብት አይግባ፤ አራት ጣት ሲቀረው ይውጣ። ሣሩ በሚያድግበት ወራት አንድ ቦታ ላይ ከአራትና ከአምስት ቀን በላይ አይቆይ፤ የተበላው ሣር እንደገና ማቆጥቆጥ የሚጀምረው በዚያን ጊዜ ነውና ለጋው ሲነከስ ሥሩ ይራባል። ከወጣ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ይረፍ። በበጋ፣ ሣሩ ከተኛ በኋላ፣ ይህን ያህል መጠንቀቅ አያስፈልግም፤ አራት ጣቱ ብቻ ይጠበቅ።

ዝናብ በዘነበ ማግስት ተረከዛችሁን መሬቱ ላይ ተጫኑ። ያረፈበት ጉድጓድ ውሃ ካቆረ ያን ቀን ከብት አይገባም።

ማገጥ የበዛበት መስክ ላይ ደግሞ ይህን እባካችሁ አስተውሉ። በመስከረም ጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ የተራበች ላም ማገጥ ላይ ከተለቀቀች ሆዷ ይነፋል። የግራ ጎኗ ከአከርካሪዋ በላይ ይወጠራል፣ በእጅ ሲመታ እንደ ከበሮ ይጮኻል፣ ላሟ ትተኛለች ትነሣለች፤ ካልተደረሰላት በሰዓታት ውስጥ ትሞታለች። መከላከያው ቀላል ነው፦ ጠዋት ቤት ውስጥ ጭድ ወይም ድርቆሽ ቀምሳ ትውጣ፣ መስክ የምትገባው ጤዛው ከረገፈ በኋላ ይሁን፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለአንድና ለሁለት ሰዓት ብቻ ትቆይ። ከተነፋች ፊቷን ወደ ዳገት አድርጋችሁ አቁሟትና የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ረግረጉን ጥግ በተመለከተ፣ የጉበት ትልን የሚያሸጋግረው ቀንድ አውጣ የሚኖረው እዚያ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ውሃ ዳር ያለው ለምለም ሣር ቢያስጎመጅም ከብት አታሰማሩበት። አጭዳችሁ በደንብ አድርቁት።

6. የቆሰለውን ጠግኑ

ከመስኩ ይልቅ ቦረቦሩ ይቅደም፤ በየክረምቱ ሜዳውን ከሥር የሚበላው እሱ ነው። ጎርፉ ከላይ የሚገባበትን ቦታ ፈልጉና ውሃውን በትንሽ ቦይ ወደ ሣር አስቀይሱት፤ ከዚያ ቦረቦሩ ውስጥ በድንጋይና በጭራሮ ክትር ሥሩ። የክትሩ መሐል ከዳሩ ዝቅ ይበል፤ አለበለዚያ ውሃው በጎን ቆርጦት ያልፋል። ከክትሩ በስተላይ አፈር ሲሞላ ደሾ ሣር ተክሉበት፤ ከነሥሩ ገንጥላችሁ በሰኔ ብትተክሉት ቶሎ ይይዛል።

ባዶው ቦታ ላይ የምትዘሩት ዘር በእጃችሁ አለ። የድርቆሽ ጎተራ ወለል ላይ የሚቀረውን ጥራጊ አትጣሉት፤ የዚያው የመስኩ ሣርና ማገጥ ዘር ነው። በሰኔ መጀመሪያ መሬቱን በመጫሪያ ወይም በእሾህ ቅርንጫፍ ጫር ጫር አድርጋችሁ ዝሩትና በጎች ለአንድ ሰዓት ያህል ይርገጡት። መሬቱን በማረሻ አትንኩት፤ ማረስ የቀረውንም ሥር ይገነጥላል።

የከብቱን በረት በበጋ ባዶው ቦታ ላይ አድርጉት፣ በየአራት በየአምስት ቀኑ ትንሽ ትንሽ አዛውሩት። እበትና ሽንት ያረፈበት ቦታ በክረምቱ ከሩቅ ይለያል። ስለ ኩበት መናገር ይከብደኛል፤ ለብዙ ቤት ማገዶም ገቢም ነው። ነገር ግን ከመስኩ የተለቀመ ኩበት ሁሉ ከመስኩ የወጣ ማዳበሪያ ነው። እኛ የተስማማነው ከበረት የሚወጣው ለማገዶ ይሁን፣ ዕረፍት ላይ ካለው ክፍል ግን አይለቀም ብለን ነው።

እሾህና ሙጃ አበባ ሳያወጡ ይነቀሉ ወይም ይታጨዱ። በመጀመሪያው ዓመት አረሙ ሊበዛ ይችላል፤ አትደንግጡ፣ ባዶ አፈርን ቀድሞ የሚይዘው እሱ ነው።

7. ድርቆሹ

የዚህ ዙሪያ ሰው ብዙውን ጊዜ ሣሩ ቀይ እስኪሆን፣ ዘሩም እስኪረግፍ ጠብቆ ያጭዳል፤ ዝናቡን ስለሚፈራ። ያን ጊዜ ግን የቀረው አገዳ ነው። ግማሽ ያህሉ ሲያብብ፣ ዝናቡ ሁለትና ሦስት ቀን ፋታ ሲሰጥ እጨዱ። የሱሉልታ ሜዳ በኅዳር ውርጭ ይጥልበታል፤ ውርጭ ያገኘው ሣር ጥጋብ እንጂ ወተት አይሰጥም። የታጨደውን ቀኑን አንድ ጊዜ ገልብጡት፣ ማታ ሰብስቡት። በእጃችሁ ጠምዝዛችሁ እርጥበቱ ካልተሰማችሁና ቀለሙ አረንጓዴ ከሆነ ይከመር። ከሥሩ እንጨት ረብርቡ፣ ከላይ ክዳን አልብሱት።

አዲስ አበባ ድርቆሽ ትፈልጋለች፤ የወተት ላም ያለው ነዋሪ ሁሉ ገዢ ነው። ከሽያጩ መጀመሪያ የጠባቂው ደመወዝ፣ ቀጥሎ ከብት የሌላቸው ድርሻ ይውጣ።

8. እንደገና ቁጠሩ

በየመስከረሙ ወደ ድንጋይ ክምሩ ተመለሱ፣ 100 እርምጃውን ተራመዱ፣ ፎቶውን ከዚያው ቦታ አንሡ። በየግንቦቱም እንዲሁ አድርጉ፤ መስከረም ሁልጊዜ ያማልላል፣ እውነቱን የሚናገረው ግንቦት ነው። በመጀመሪያው ዓመት የሣሩ ቁመት ይለወጣል፣ የባዶ አፈሩ ቁጥር ግን ብዙም አይቀንስም። ማገጡና ጋጃው ባዶውን ቦታ እየያዙ የሚመጡት ቀስ ብለው ነው። የባዶ አፈሩ ቁጥር ለሁለት ዓመት ከጨመረ የከብቱን ቁጥር እንደገና ተነጋገሩበት።

በልግ የቀረበት ዓመት ሲመጣ ደንቡን ለመጣስ ግፊቱ ይበረታል። ለዚያ ዓመት የሚሆነውን አንቀጽ ከወዲሁ ጻፉት፦ ከአራቱ ክፍሎች የትኛው ይከፈታል፣ ለስንት ቀን፣ ለየትኞቹ ከብቶች። እኛ የጻፍነው እስከ ሚያዝያ 30 ዝናብ ካልጣለ ዘር የሚያራግፈው ክፍል ለሚታለቡ ላሞች ብቻ ለ15 ቀን ይከፈት የሚል ነው። ደብተሩ በዕድሩ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው፤ ቁልፉን የያዘችው ያቺ ሣር የምታጭደው ጎረቤታችን ናት።